ቤት የማያውቅ አዋቂ፦ ከሩጫ ጡረታ የወጣ ግሬይሀውንድ እንዴት ይወሰዳል

ግሬይሀውንድ የሩጫ ዘመኑን ጨርሶ ወደ ሰው ቤት ሲገባ ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው። ቡችላ አይደለም። በሰው እጅ መዳሰስን፣ መታጠብን፣ ጥፍሩን መቆረጥን፣ ሚዛን ላይ ወጥቶ ጸጥ ብሎ መቆምን፣ በመኪና ረጅም መንገድ መሄድን ከልጅነቱ ጀምሮ ለምዷል። ደረጃ ግን ወጥቶ አያውቅም። የመስታወት በር ምን እንደሆነ፣ የተወለወለ ወለል ለምን እንደሚያዳልጥ፣ ግድግዳው መስታወት ላይ የሚያየው ውሻ ለምን ሽታ እንደሌለው አያውቅም። ብቻውንም አድሮ አያውቅም። የዚህ መመሪያ መነሻ አንድ ሐሳብ ነው፦ ይህ ውሻ ቤት የማያውቅ አዋቂ ነው። ሰዎች ወስደው እንዲመልሱት የሚያደርጓቸው ነገሮች፣ ምንጣፍ ላይ መሽናት፣ ብቻውን ሲቀር ማላዘን፣ ተኝቶ ሲነኩት ማጉረምረም፣ ድመት ማሳደድ፣ ከቀድሞ ኑሮው የተወለዱ እንጂ የጠባይ ክፋት አይደሉም። ምንጫቸው ከታወቀ ደግሞ አስቀድሞ ሊዘጋጁላቸው ይቻላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ እርምጃ፣ ውሻው ቀድሞ የት ነበር፣ ምን ለምዶ መጣ ከሚለው ጥያቄ ይነሣል።

የት ነበር? የሩጫ ግሬይሀውንድ የሚወለደው በእርባታ ቦታ ነው። ከወንድም እህቶቹ ጋር ከሌሎች ቡችሎች በጣም ለረዘመ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ገደማ፣ አብሮ ያድጋል። ከዚያ ልምምድ ይጀምራል፤ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሞላው ይወዳደራል። በአሜሪካ የሩጫ ሜዳዎች የተለመደው አያያዝ ውሻውን የቀኑን አብዛኛውን ክፍል በግል ሳጥኑ ውስጥ አስተኝቶ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ አፉን በቅርጫት መሰል መከለያ ሸፍኖ ከሌሎች ጋር ወደ ግቢ ማውጣት ነው። ውድድሩ ራሱ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው፤ አንዱ ሩጫ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ውሻው በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ በሐዲድ ላይ የሚሮጥ ሰው ሠራሽ ማባበያ ይከተላል፤ ቀሪውን ሳምንት ይተኛል። ከዚህ ልማድ ውስጥ ለቤት የሚጠቅሙ ብዙ ነገሮች አሉ፦ ሰዓት ማክበር፣ ሰው ማመን፣ ሲመሩት መከተል፣ ረጅም እንቅልፍ። የሚያስቸግሩትም ከዚያው ይመጣሉ።

በዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፤ «እንዲህ የሚሮጥ ውሻ በአፓርታማ እንዴት ይኖራል?» የሚል። ጥያቄው ፍጥነትን ከጽናት ጋር ያደባለቀ ነው። የእኛ የረጅም ርቀት ሯጭ በየቀኑ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ጉልበቱ ለሰዓታት እንዲቆይ ስለተሠራ ነው። የግሬይሀውንድ ሰውነት የተሠራው ለሌላ ነገር ነው፤ ጡንቻው፣ ትልቅ ልቡ፣ በቀይ የደም ሴል የበለጸገው ደሙ ሁሉም ለአንድ አጭር ፍንዳታ የተዘጋጁ ናቸው። በቀን ሁለት ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በማሰሪያ መራመድ፣ ከተገኘም አልፎ አልፎ በታጠረ ሜዳ መሮጥ ይበቃዋል። ከዚያ ውጭ ለስላሳ ነገር ፈልጎ ይጋደማል። ቀኑን ሙሉ አብሮት የሚሮጥ ጓደኛ የሚፈልግ ሰው ሌላ ዓይነት ውሻ ቢወስድ ለሁለቱም ይሻላል።

የመጀመሪያው እርምጃ እንግዲህ ውሻውን ከማየት በፊት ቤተሰቡን ማነጋገር ነው። ይህን እርምጃ ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምናገረው አስተዳደጋችን ውሻን ከደጃፍ ውጭ ስለሚያኖር ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረታችን ራሱ የሚያስበው ዘበኛን ነው። ግሬይሀውንድ ዘበኛ አይሆንም፤ ብዙዎቹ በር ሲንኳኳ እንኳ አይጮኹም፣ እንግዳንም እየተደገፉ ይቀበላሉ። ከቤት ውጭም ማደር አይችልም። ከቆዳው ሥር ስብ የለውም ለማለት ይቻላል፣ ጸጉሩ አጭርና ስስ ነው፣ ቆዳው በሽቦ አጥር ቢጫር እንኳ ይቀደዳል። በሚኒያፖሊስ ክረምትም ሆነ በሜልበርን የበጋ ሙቀት ግቢ ውስጥ ታስሮ መዋል ለእሱ ሥቃይ ነው። ስለዚህ ውሳኔው «ውሻ እንያዝ ወይ?» ብቻ አይደለም፤ ከ27 እስከ 36 ኪሎ የሚመዝን፣ ቁመቱ ትከሻው ላይ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚደርስ እንስሳ ሳሎን ውስጥ ለዓመታት አብሮን ይተኛ ወይ ነው። እናትዎ ወይም አያትዎ አብረውዎት የሚኖሩ ከሆነ የእሳቸው ፈቃድ ቀድሞ ሊገኝ ይገባል፤ ውሻው ከመጣ በኋላ የሚደረግ ማግባባት እሳቸውንም ውሻውንም ይጎዳል።

የእምነት ጥያቄም በዚሁ ጊዜ መነሣት አለበት። የጸሎት ሥፍራ ያለበት፣ የተባረከ ጠበል የሚቀመጥበት ክፍል፣ ወይም በሙስሊም ቤት የሚሰገድበት ቦታ ለውሻው የተዘጋ ሊሆን ይችላል። ይህ ለግሬይሀውንድ ምንም ችግር የለውም፤ ዕድሜውን ሙሉ በተከለለ ቦታ የኖረ ስለሆነ የተዘጋ በር ያከብራል፣ ዝቅ ያለ የልጆች መከላከያ አጥር እንኳ ያስቆመዋል። የምራቅና የንጽሕና ጥያቄ ያለበት ሰው ከንስሐ አባቱ ወይም ከሼኩ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር። ከዚህ ጋር ሁለት ምድራዊ ጉዳዮች አሉ። አንደኛው የኪራይ ውል ነው፤ አንዳንድ አከራዮች የክብደት ገደብ ስላላቸው ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ። ሁለተኛው ጉዞ ነው። አገር ቤት ለመሄድ አንድ ወር የሚዘጋ ቤት ውስጥ ውሻው ማን ጋር ይቀመጣል? ለዚህ ጥያቄ የአንድ የታወቀ ሰው ስም ካልተገኘ ሌላው ሁሉ ይቆይ።

ሁለተኛው እርምጃ የሚያስረክብ ማኅበር መፈለግ ነው፤ ለዚህም ውሾቹ ዛሬ የት እንዳሉ ማወቅ ያስፈልጋል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሜካኒካል ማባበያ የሚደረገው ዘመናዊ ሩጫ በ1919 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤመሪቪል ላይ ተጀምሮ፣ በ1926 ማንቸስተር በሚገኘው ቤል ቩ ሜዳ ወደ ብሪታንያ ገባ። አሜሪካ ውስጥ እየከሰመ መጥቷል። ፍሎሪዳ በኅዳር 2018 ሕዝቡን ስታስመርጥ 69 በመቶው እንዲቆም ድምፅ ሰጠ፤ በአገሪቱ ከነበሩት 17 ሜዳዎች 11ዱ እዚያ ስለነበሩ እገዳው የጸናበት የ2020 ማብቂያ ለዘርፉ ታላቅ ምዕራፍ ሆነ። በ2022 መጨረሻ የአርካንሶው ሜዳ ሲዘጋ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አንዱ ዊሊንግ ላይ፣ ከዋሽንግተን አካባቢ የግማሽ ቀን መንገድ የማይሞላ። ስለዚህ በአሜሪካ የሚኖር አመልካች ወረፋ ሊጠብቅ ይችላል፤ አንዳንድ ማኅበራትም ውሾቹን ከአየርላንድና ከአውስትራሊያ ያስመጣሉ። በብሪታንያ በ1975 የተመሠረተው ግሬይሀውንድ ትረስት፣ በአውስትራሊያ ደግሞ በየክፍለ ግዛቱ ያሉት የግሬይሀውንድ ማሳደጊያ ፕሮግራሞች ዋነኞቹ በሮች ናቸው።

ማኅበሩ ረጅም ቅጽ ያስሞላዎታል፤ ስለ ሥራ ሰዓትዎ፣ ስለ ልጆችዎ ዕድሜ፣ ስለ አጥርዎ ቁመት ይጠይቃል፤ ቤትዎን የሚያይ ሰውም ሊልክ ይችላል። ይህ በብዙ የአገራችን ሰው ዘንድ እንደ ምርመራ ይቆጠራል፤ ውሻ ሊረከቡ መጥተው ስለ ኑሮ መጠየቅ ያስቆጣል። ግን ያስቡት፤ ጠያቂው የውሻውን ጠባይ ያውቃል፣ የእርስዎን ቤት አያውቅም። ቤቱ ቀኑን ሙሉ ባዶ እንደሚውል የደበቀ ሰው ብቸኝነት የማይችል ውሻ ሊደርሰው ይችላል። እርስዎም መልሰው ይጠይቁ፦ ውሻው ጊዜያዊ አሳዳሪ ቤት ቆይቷል? ከድመት ጋር ተፈትኗል? ጥርሱ ታጥቧል? ባይሳካ ትቀበሉታላችሁ? ለመጨረሻው ጥያቄ «አዎ» የማይል ማኅበር ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ፤ ጥሩዎቹ ውሻው ለሌላ ሰው እንዳይተላለፍ፣ ወደ እነሱ እንዲመለስ ውሉ ላይ ይጽፋሉ። ክፍያው በአሜሪካ በመቶዎች ዶላር የሚቆጠር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ክትባትን፣ ማኮላሸትን ወይም ማምከንንና የጥርስ እጥበትን ያጠቃልላል፤ ያንን ሁሉ ለየብቻ የከፈለ ሰው ርካሽነቱን ይረዳዋል።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል። ጡረተኛ ውሾችን መውሰድ ለውርርድ ነጋዴው መጥረጊያ መሆን አይደለም ወይ? እኛ ከኋላ እየተቀበልን እነሱ ከፊት አዲስ አያራቡም ወይ? ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ግን ታሪኩ ሌላ ነገር ያሳያል። በአሜሪካ የማሳደግ ሥራ በ1980ዎቹ ከመስፋፋቱ በፊት ተቀባይ ያልነበራቸው ውሾች በየዓመቱ በሺዎች ይገደሉ ነበር፤ ተቀባይ ማጣት ሩጫውን አላስቆመውም። ያስቆመው የመራጩ ድምፅና የተወራራጁ መቀነስ ነው። የማካው የሩጫ ሜዳ ካኒድሮም በሐምሌ 2018 ሲዘጋ ከአምስት መቶ የሚበልጡ ውሾች ሜዳው ላይ ቀርተው ነበር፤ የተቃዋሚዎቹ ድል ፍሬ ያፈራው ሰዎች በየአገሩ በራቸውን ስለከፈቱ ነው። ኒውዚላንድ በታኅሣሥ 2024፣ ዌልስ ደግሞ በ2025 ሩጫውን እንደሚያግዱ ሲያስታውቁም ጥያቄው ያው ነበር፦ እነዚህ ውሾች ወዴት ይሂዱ? ስለዚህ መውሰድና መቃወም አብረው ይሄዳሉ። አብሮ የማይሄደው ውሻውን ሳሎን አስተኝቶ በለንደን የውርርድ ሱቅ ስክሪን ላይ በሌላው መወራረድ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ከብዙዎቹ አንዱን መምረጥ ነው፤ በመልክ መምረጥ እዚህ ያሳስታል። ግሬይሀውንድ ከግሬይሀውንድ ይለያያል። አንዱ ድመት ሲያይ ፊቱን ያዞራል፣ ሌላው ይንቀጠቀጣል። ማኅበሩ በአፍ መከለያ ፈትኖ የሚሰጥዎትን ፍርድ ይቀበሉ፤ ውሻው «ለድመት አይሆንም» ከተባለ ፍቅር አይለውጠውም። ቤት ውስጥ ከድመት ጋር አብሮ የሚተኛ ውሻ እንኳ ያችኑ ድመት ግቢ ውስጥ ስትሮጥ ቢያይ ሊያሳድዳት እንደሚችል አይርሱ፤ የሚቀሰቅሰው እንቅስቃሴው ነው። ትንሽ ልጅ ካለዎት የተረጋጋውን፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚውሉ ከሆነ ብቸኝነትን የተፈተነውን ይጠይቁ። እግሩ ተሰብሮ የዳነውን አይዝለሉት። ሩጫው ወደ ግራ ስለሚታጠፍ ጭነቱ በቀኝ የኋላ እግር ቋንጃ ላይ ይወድቃል፤ ከሜዳ የሚያስወጣ ስብራት ብዙ ጊዜ እዚያ ነው፤ ለመራመድና ለመኖር ግን አይከለክልም። ዕድሜውን ለማወቅ የቀኝ ጆሮውን ይግለጡ። የአሜሪካ ውሻ ከሆነ ንቅሳት ያገኛሉ፤ «105» ተብሎ ሦስተኛው የእንግሊዝኛ ፊደል (C) ቢከተለው በ10ኛው ወር፣ በ5 ቁጥር በሚያልቅ ዓመት የተወለደ፣ ከአንድ ማህፀን ልጆች ሦስተኛ ሆኖ የተመዘገበ ማለት ነው።

ቤቱን ማዘጋጀት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ወፍራም ፍራሽ፣ ሁለት ሳህን፣ የብርድ ልብስ፣ የሚያዳልጠው ወለል ላይ የሚነጠፍ ምንጣፍ። አጥንቱ ያለ ሥጋ መሬት ስለሚነካ ፍራሹን አያሳንሱበት። ከሁሉም ዋነኛው የአንገት ማሰሪያ ነው። የግሬይሀውንድ አንገት ከጭንቅላቱ እኩል ወይም የወፈረ ስለሆነ ተራ ማሰሪያ ወደ ኋላ ሲስብ ይወልቃል፤ ማርቲንጌል የሚባለው፣ ሲሳብ በልኩ የሚጠብቅ ግን የማያንቅ ማሰሪያ ያስፈልጋል። እኛ ቤት ደግሞ ሌላ መዘጋጀት አለ። ሞሰብና ረከቦት ዝቅ ያሉ ናቸው፤ የዚህ ውሻ አፍንጫ ከጠረጴዛ በላይ ነው፣ ጅራቱም ደስ ሲለው እንደ አለንጋ ይወናጨፋል፣ ግድግዳ ላይ ሲመታ ይደማል። ቡና በሚፈላበት ጊዜ፣ ፍም ባለበት፣ ውሻው በአጥር ከተከለለ ክፍል ይሁን። የምግብ ትሪ ሶፋ አጠገብ ትቶ መሄድ ለእሱ የሌብነት ፈተና አይደለም፤ በሳህን የቀረበለት ነገር ሁሉ የእሱ እንደነበር ነው የሚያውቀው።

የመጀመሪያው ቀን ጸጥ ያለ ይሁን። ዘመድ አይጠራ፣ ፎቶ የሚያነሣ ጎረቤት አይሰብሰብ። ከመኪና እንደወረደ ቤት ከመግባቱ በፊት የሚሸናበት ቦታ ይውሰዱትና ይጠብቁ፤ ከዚያ በማሰሪያ ይዘው ክፍል በክፍል ያሳዩት። መስታወቱን በጣትዎ ኳ ኳ ያድርጉለት ወይም ዓይኑ በሚደርስበት ወረቀት ይለጥፉበት። ደረጃ ካለ በመጀመሪያው ቀን አይግፉት፤ በኋላ ከጎኑ ሆነው፣ አንድ እግር በአንድ ጊዜ፣ ከታች ሁለት ሦስት ደረጃ ብቻ ጀምረው ያስተምሩት። ስለ ሽንት የሚታወቀው ነገር ይህ ነው፦ ሳጥኑን አያቆሽሽም፤ ቤቱ በሙሉ ትልቅ ሳጥን መሆኑን ግን ገና አላወቀም። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ክፍል ብቻ ይስጡት፣ ከእንቅልፍ ሲነሣ፣ ከበላ በኋላ፣ በመካከልም በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ያውጡት፣ ውጭ ሲሸና ያመስግኑት። የቀድሞውን የሰዓት ልማድ እየተከተሉ ክፍተቱን በየሳምንቱ ያስረዝሙ። ውስጥ ቢሸና መቆጣት የሚያስተምረው ነገር ቢኖር ከእርስዎ ተደብቆ መሽናትን ነው።

ብቸኝነት ከሁሉም ይረዝማል። ይህ እንስሳ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ የሌላ ውሻ ትንፋሽ ሳይሰማ ያደረበት ሌሊት የለም። ቅዳሜና እሑድ ሙሉ አቅፈውት ሰኞ ጠዋት ለዘጠኝ ሰዓት ዘግተውበት ቢሄዱ ቢያላዝን፣ በር ቢቧጥጥ ያስገርማል? ትምህርቱ በመጀመሪያው ቀን ይጀመር፤ ለአንድ ደቂቃ ወጥቶ መመለስ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ አሥራ አምስት፣ ሲወጡም ሲገቡም ያለ ስንብትና ያለ ጭፈራ። ለመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ፍራሹን መኝታ ቤትዎ ውስጥ፣ ከአልጋዎ አጠገብ ያድርጉለት፤ የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ያረጋጋዋል። «ሌላ ውሻ ብጨምርስ?» የሚሉ አሉ። አንዳንዴ ይረዳል፤ ግን የመጀመሪያው ገና ሳይረጋ ሁለተኛ ማምጣት ሁለት ጭንቀት ማምጣት ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ወራት መታገሥ ይሻላል። በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ባዶ የሚሆን ቤት፣ በመካከል የሚያወጣው ሰው ካልተገኘ፣ ለዚህ ውሻ አይሆንም ብሎ ራስን መመለስ ጨዋነት ነው።

እንቅልፍን በተመለከተ ልጆችን ቁጭ አድርገው ይንገሯቸው። ውሻው ሳጥኑ ውስጥ ሲተኛ የሚነካው፣ የሚረግጠው፣ የሚያቅፈው አልነበረም። አንዳንዱ ዓይኑን ገልጦ ይተኛል፤ ነቅቷል ብሎ ፊቱን የሚያስጠጋ ልጅ ሊነከስ ይችላል። ሕጉ አጭር ነው፦ በስሙ ጠርተው፣ ጭንቅላቱን ሲያነሣ አይተው፣ ከዚያ ይንኩት። ፍራሹ የእሱ ክልል ነው፤ ልጅ አይቀመጥበትም። ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሰው አልጋና ሶፋ ላይ ባይወጣ ይመረጣል። ካጉረመረመ አይምቱት፤ ማጉረምረም «ደንግጫለሁ፣ ራቁልኝ» የሚልበት ብቸኛ ቃሉ ነው፤ ያንን የተከለከለ ውሻ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። በዚህ ምክንያት ለልጅ አደገኛ ነው የሚሉ ሰዎች ሕጉን ለሦስት ወር ቢጠብቁ ሐሳባቸውን የሚለውጡ ይመስለኛል፤ በነቃበት ሰዓት ይህን ያህል ገራም ውሻ ብዙ የለምና።

በማሰሪያ ስለመያዝ ድርድር የለም። ካልታጠረ ቦታ ፈጽሞ አይፍቱት፣ ምንም ያህል ቢወድዎትም። ጥንቸል ወይም የተንሳፈፈ የላስቲክ ከረጢት ካየ በጥቂት እርምጃ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ይደርሳል፤ ስሙን ቢጠሩት የማይሰማበት ሰዓት ያ ነው፣ መኪናም አያውቅም። የሚረዝምና የሚያጥር ባለ መያዣ ገመድ ደግሞ የተከለከለ ይሁን፤ ተንደርድሮ ጫፉ ላይ ሲደርስ አንገቱን ሊጎዳው ወይም መያዣውን ከእጅዎ ሊነጥቅ ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የማይታይ አጥርም አያቆመውም፤ ንዝረቱ ሳይሰማው ያልፈዋል። የማሰሪያውን ቀለበት በእጅ አንጓዎ አስገብተው ይያዙ፣ በር ሲከፍቱ ሁልጊዜ ሁለተኛ መከላከያ ይኑር። መንገድ ላይ ድንገት ቆሞ እንደ ሐውልት ቢደርቅ አይጎትቱት፤ ብዙ አዲስ ነገር በዝቶበታል፣ ጥቂት ይጠብቁና ዞር አድርገው በሌላ አቅጣጫ ይምሩት። የአገሩን ሕግም ይጠይቁ፤ ለምሳሌ ሜልበርን ባለችበት ቪክቶሪያ ከ2019 መጀመሪያ ወዲህ የቤት ግሬይሀውንድ በአደባባይ የአፍ መከለያ ማድረግ ባይገደድም በማሰሪያ መያዝ ግን ግዴታ ነው።

ምግቡን በአንድ ቀን አይለውጡ። በሜዳው ጥሬ ሥጋ ተቀላቅሎ ይበላ ስለነበር ወደ ደረቅ የውሻ ምግብ ሲሸጋገር ሆዱ ይላላል፤ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀላቅሉ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይስጡ። ደረቱ ጥልቅ ስለሆነ ጨጓራው የመጠማዘዝ አደጋ አለበት፤ ከበላ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል አያሩጡት። የጎድን አጥንቱ ጥላ መታየቱ ጤናው ነው፤ «ምስኪን፣ ከሳ!» እያሉ የሚያጎርሱ እንግዶችን አደብ ማስያዝ ይኖርብዎታል። ይህ በእኛ ማዕድ ላይ የበለጠ ያስፈልጋል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ በስሎም ቢሆን፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያጠፋሉ፤ የዶሮ ወጥ መሠረቱ ምን እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። የበሰለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠረ አንጀት ይወጋል፤ ክትፎና ቅቤ ቆሽቱን ያሳምማል፤ ዘቢብ፣ ቸኮሌት፣ ቡና መርዝ ናቸው። ስለዚህ በፋሲካና በገና ማዕድ ለውሻው ፍቅር የሚገለጸው ምንም ባለማጉረስ ነው። እንግዶች ከመግባታቸው በፊት በር ላይ ይንገሯቸው።

ሐኪም ሲመርጡ የመጀመሪያ ጥያቄዎ «ግሬይሀውንድ አክመው ያውቃሉ?» ይሁን። የዚህ ዝርያ ደም ከሌሎች ውሾች ይለያል፤ ቀይ የደም ሴሉ ከፍ፣ ፕላትሌቱ ዝቅ፣ የታይሮይድ ሆርሞኑም በተፈጥሮው ዝቅ ይላል። ይህን የማያውቅ ሐኪም ጤነኛውን ውሻ ታሞአል ብሎ ዕድሜ ልክ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። ስቡ ትንሽ ስለሆነና ጉበቱም አንዳንድ መድኃኒቶችን ቀስ ብሎ ስለሚያስወግድ እንደ ታዮፔንታል ያለ ማደንዘዣ ለረጅም ሰዓት ያዞረዋል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ዘግይቶ የሚጀምር መድማትም በዚህ ዝርያ ይታወቃል። መዥገር ከሚበዛበት አካባቢ የመጣ ከሆነ የባቤሲያና የኤርሊኪያ ምርመራ ያስጠይቁ። ጥርሱን በየቀኑ ይቦርሹ፤ የብዙዎቹ ድድ ከሜዳ የሚመጣው ተጎድቶ ነው። የመዳፉን ሥጋ ይዩ፤ ኮርን የሚባል ጠንካራ ምስማር መሰል ነገር ሲበቅልበት በአስፋልት ላይ ያነክሳል፣ በሣር ላይ ይሻለዋል። የአጥንት ካንሰርም ከሌሎች ውሾች ይልቅ ያጠቃዋል። «ታዲያ ለኀዘን ነው የምወስደው?» የሚል ሰው አይሳሳትም፤ አደጋው እውነት ነው። ግን ብዙዎቹ ከ10 እስከ 13 ዓመት ይኖራሉ፤ እንደ ዝርያው ትልቅነት ይህ አጭር ዕድሜ አይደለም። ማስታወስ የሚገባው፣ በዕድሜ የገፋ ግሬይሀውንድ ያለ ግልጽ ምክንያት ካነከሰና ካልተሻለው ራጅ ማስነሣትን ለሚቀጥለው ወር አለማስተላለፍ ነው።

የቀረው ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይበላ፣ ጥግ ይዞ ሊተኛ፣ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ሊሸጉጥ ይችላል። በሦስተኛው ሳምንት የምግብ ሰዓቱን ከእርስዎ በፊት ያውቃል። በሦስተኛው ወር አካባቢ ደግሞ አንድ ቀን ሳሎን መካከል በጀርባው ተገልብጦ፣ አራት እግሩን ወደ ጣሪያ ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ያገኙታል። ሰው የሚፈራ ውሻ ሆዱን እንዲህ አጋልጦ አይተኛም። በዚያ ሰዓት ቀስ ብለው በአጠገቡ ይለፉ፤ ሊነኩት ከፈለጉ መጀመሪያ ስሙን ይጥሩ።